የሠላሳ አንድ ቁጥሩ ሰውዬ ከዝርዝር የጠፉ ጊዜ

ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ። ይህ የምጽፈው ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው እውነት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን መሐላ ሲያነቡ ከት ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። በሥራ ቦታዬ የሚጠሩኝ «ቀዳጁ» እያሉ ነው። ስሙን ያወጡልኝ በግፍ አይደለም፤ ቀድጃለሁ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ የቀደድኩበትም ጊዜ አለ። ይሄኛው ግን ይለያል። ልፈጥረው ብል እንኳ እንዲህ አድርጌ አልፈጥረውም ነበር፤ የኔ ውሸቶች መጨረሻቸው ደስ ይላል።

የምሠራው አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የመጦሪያው ዌብሳይት ጠባቂ ነኝ። ጠባቂ ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ኮሌጅ ገብቼ ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔና ኮሌጁ ተሰለቻችተን ተለያየን፤ ዳታቤዝ የሚባለውን ነገር የተማርኩት ከስህተት መልእክት ነው። ማሽኑ በቀይ ይሰድበኛል፣ ስድቡን አነባለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ ሌላ ስድብ ይሰድበኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሞላን። ቀኑን ሙሉ ከማንም በላይ የሚያናግረኝ እሱ ነው።

ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ናት። መስኮት የላትም። የማድረቂያዎቹ ማሽኖች ግድግዳውን ሲነቀንቁት ይውላሉ፣ እኔም አብሬ እነቃነቃለሁ። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ እስክወጣ «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ያ ቀን ለኔ ድግስ ነው። ሁለተኛ ወንበር አለችኝ፤ እንግዳ ቢመጣ ብዬ ከመጋዘን የሰረቅኋት ናት። የኬብል ካርቶን ተቀምጦባት ይውላል።

ስለዚህ ብቀልድ አይፈረድብኝ። በየኮሪደሩ የተሰቀሉት ስክሪኖች፣ ምግብ አዳዮቹ የሚይዙት ታብሌት፣ ቤተሰብ ከቤቱ ሆኖ የሚያየው ገጽ፣ ሁሉም የሚያነቡት ከኔ ዳታቤዝ ነው፤ ማን የት ክፍል እንዳለ ደግሞ ከአንዱ የነዋሪዎች ገጽ ይወስዳሉ። አንድ ቀን «ዛሬ ሊፍቱ ወደ ጎን ይሄዳል» ብዬ ስክሪኑ ላይ ጻፍኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ኮት ለብሰው ተሰለፉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ይሄኛው እንኳ ቀልድ አልነበረም፣ የአንዲት ሴትዮ የልደት ቀን ተሳስቶ ኖሮ አርም ተባልኩ። «የልደት ቀኑን ወደዚህ ቀይር» ብዬ ማሽኑን አዘዝኩት፤ «የማንን» የሚለውን ሐረግ ረሳሁ። ማሽን ደግሞ የማንን ብሎ አይጠይቅም። በአንዲት ጠቅታ መጦሪያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ተወለደ። የዘጠና ዓመቱ አዛውንት ከሰባ ዓመቷ ወይዘሮ ጋር መንታ ሆኑ። ወጥ ቤት ለዘጠና ሰባት ሰው «እንኳን ተወለዱ» የሚል ኬክ ሊደፋ ዱቄት መንፋት ጀምሮ ነበር። ዳይሬክተሯ ያን ቀን «አንድ ጊዜ ብቻ ድገመኝ!» አለችኝ። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ በጽሑፍ ግን አትሰማኝም።

ስለ ሊፍቱ ሊከራከረኝ ክፍሌ ድረስ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሠላሳ አንድ ቁጥር ክፍሉ ነዋሪ። በሥራ ዘመናቸው ሊፍት ሠሪ ነበሩ። ካርቶኑን አንስቼ ወንበሯን ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ሊፍት ወደ ጎን አይሄድም» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባባ፣ ቀልድ ነው።»

«ቀልዱስ ገብቶኛል። ለምን እንደማይሄድ ግን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ስለ ገመዱ፣ ስለ ማመዛዘኛው ብረት፣ ስለ ሐዲዱ ሃምሳ ደቂቃ አስረዱኝ። ሲሄዱ ካርቶኑን ወንበሯ ላይ ወዲያው አልመለስኩትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ ጠራችኝና «በነዋሪዎች ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ሰው ስም አጠገብ የተጠሪው ስም ይውጣ» አለችኝ። ተጠሪ ማለት አንድ ነገር ቢፈጠር መጦሪያው የሚደውልለት ዘመድ ነው፤ ልጅ፣ እህት፣ የወንድም ልጅ። ነዋሪዎቹ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ተጠሪዎቹ በሌላ ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል። ሥራው ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ በሙያው ቋንቋ ጆይን ይሉታል። «ነዋሪውን ከተጠሪው ጋር አጋጥመህ አምጣ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ መስመር ተኩል። ስልካቸው የተቋረጠ ተጠሪዎች እንዳይወጡም አንድ ቅድመ ሁኔታ መጨረሻው ላይ ሰካሁ። ማሽኑ አልሰደበኝም። የመጣውን ረድፍ ቆጠርኩ፤ ዘጠና ሰባት። ነዋሪዎቻችንም ዘጠና ሰባት ናቸው። ዳይሬክተሯ ራሷ ስክሪኑን በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«ዘጠና ሰባት። ጎሽ! ሰው ሆነሃል» አለችኝ።

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ለማን እንደምነግረው ግን ግራ ገባኝ። ለማድረቂያው ነገርኩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። የኔን በር የሚያንኳኳ ስለሌለ ቧንቧው መስሎኝ ዝም አልኩ። እንደገና ተንኳኳ። ሊፍት ሠሪው ናቸው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ሹራባቸው ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። በሩ ላይ እንደቆሙ፣

«ልጄ፣ እኔ ሞቼ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። የኔ ዓይነት ቀልድ መሰለኝ። እሳቸው አልሳቁም።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ስክሪኑ ላይ ስሜን ፈለግኩ፣ የለም። ሠላሳ አለ፣ ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ የምግቡ ጋሪ በሬን አልፎ ይሄዳል። የጎማው ድምፅ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አይቆምም።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምነው ዝም አሉ? በሩን ከፍተው አይጮሁም?»

«ያጠፋሁ መስሎኝ ነዋ! ሰኞ ዕለት ሾርባው ቀጥኗል ብዬ ነበር። ተቀይመውኝ ይሆናል፣ ይበርድላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። ብስኩት ነበረችኝ።»

ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ምሳዬን ሰጠኋቸውና ገጹን ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው፣ የሉም። የክፍሎቹን ገጽ ከፈትኩ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር በአረንጓዴ «ክፍት» ይላል። እየሮጥኩ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄድኩ።

«ሠላሳ አንድ? ክፍት ነው እኮ» አለች ከወረቀቷ ላይ ቀና ሳትል። «ቅዳሜ አንዲት ወይዘሮ ይገቡበታል፤ ልጃቸው በዌብሳይቱ ይዛላቸዋለች።»

«ሰው አለበት!»

«አሁን የጽዳቷ ሴት ነገረችኝ። ባለፈው ወር ወደ ቅርንጫፉ ከተዛወሩት አንዱ ናቸው ማለት ነው። ስማቸው ሄዶ ሰውዬው ቀርተዋል። አስር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል።»

ቅርንጫፉ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት አልጋ አለ። እዚያ የሄደ ነዋሪ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

«ስማቸው የጠፋው በኔ ጥፋት ነው» አልኩ። በዕድሜዬ ሳልጠየቅ ጥፋቴን ሳምን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንዴት አድርጎ?»

«እሱን ገና አላወቅኩትም።»

«ዝርዝሩ ዘጠና ሰባት ነው፣ በገዛ ጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ሰው ቢጎድል ዘጠና ስድስት አይሆንም ነበር?»

ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

«ያኔ ሊፍቱ፣ ዛሬ ደግሞ ሰውዬው ወደ ጎን ሄዱ? ሂድ አንተ ቀዳጅ፣ ሥራህን ሥራ!»

ተመልሼ ለሊፍት ሠሪው ስለ መኪናው ነገርኳቸው። ዳቦውን አኝከው ጨረሱ።

«እዚያ ስንት ፎቅ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ምድር ቤት ብቻ ነው አባባ።»

«እህ» ብለው ተነሡና ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሄዱ።

የነዋሪዎቹን ሰንጠረዥ ብቻውን ከፈትኩት። ቁጭ ብለዋል፤ ስማቸው፣ ሙያቸው፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር። የተጠሪዎቹን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። እዚያ የሉም። የድሮውን ቅጽ አገኘሁት፤ ከአምስት ዓመት በፊት ያመጣቸው አንድ ጎረቤት ነው፤ ተጠሪ የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ ፈርሞ ሄዷል። ያኔ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። እኔ የጻፍኩት ጥያቄ «አጋጥመህ አምጣ» ነው የሚለው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሰው ዘመድ ይፈልጋል፤ ካገኘ ሁለቱን አያይዞ ያመጣል፤ ካላገኘ ሰውዬውን ራሱን ይተወዋል። ሰው የሌለው ሰው አይመጣም።

እርግጠኛ ለመሆን ራሴን ነዋሪ አድርጌ መዘገብኩ። የተጠሪዬን ቦታ ማን ብዬ እንደምሞላው ትንሽ አሰብኩ፤ ባዶ ተውኩት። ጥያቄውን አስኬድኩ። አልመጣሁም። ራሴን ሰረዝኩ።

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። እንዲህ ሲቸኩል ቀዳጅ ሰው ምን ያደርጋል? ይቀድዳል። የተጠሪዎቹ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ረድፍ ጨመርኩ። ነዋሪ፦ ሠላሳ አንድ ቁጥር። ተጠሪ፦ የእህት ልጅ። ስልክ፦ የራሴ። ገጹን አደስኩት። ሊፍት ሠሪው በሠላሳና በሠላሳ ሁለት መካከል ብቅ አሉ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። ዳይሬክተሯ ዘንድ ሮጥኩ።

«ኦ! የእህት ልጅ አላቸው?» አለች ስክሪኗን እያየች። «እንግዲያው አስር ሰዓት ላይ ይምጣና ክፍሉን እንዳልለቀቁ ይፈርም። ካልመጣ መኪናው ይዟቸው ይሄዳል።»

ይህን አላሰብኩትም። ክፍሌ ተመልሼ ፂም ለጥፌ፣ ኮት ተውሼ፣ የእህት ልጅ ሆኜ በዋናው በር ስለመግባት አሰላስል ጀመር። ፂሙን ከምን እንደምሠራው እንኳ ወስኜ ነበር፤ የማድረቂያው ማጣሪያ ላይ የሚጠራቀም ብናኝ አለ። በዚህ መሐል የምግብ ጋሪ የሚገፉት እትዬ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«አንተ፣ የሠላሳ አንዱ ሽማግሌ ክራቫት አስረው የፊት በር ላይ ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ ሊመጣ ነው አሉ! እኚህ ሰውዬ እህት አላቸው እንዴ?»

ረስቼው ነበር። የኮሪደሩ ስክሪንም የሚያነበው ከዚያው ነው።

ሄድኩ። መግቢያው አጠገብ ያለው ረጅም ወንበር ላይ ናቸው። ሻንጣቸው እግራቸው ሥር፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። ክራቫቱ ሰፊ፣ የድሮ፣ ቡናማ ነው።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው። የማላውቅ መስዬ።

«የእህቴን ልጅ። አላየኸውም? ተጽፏል።» ወደ ስክሪኑ አመለከቱኝ። «እህቴ ከቤት የወጣች ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከአባታችን ጋር ተጣልታ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። ወልዳ ኖሯል።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምናልባት… ተሳስቶ ይሆናል አባባ።»

«ኧረ! ኮምፒውተር እኮ ነው» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እሷን ይመስል ይሆን? አፍንጫዋ ሰልካካ ነበር። ካየሁት ዐውቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብናገርና አስር ሰዓት ላይ መኪናው ቢወስዳቸው፣ ክፍላቸውንም የእህታቸውን ልጅም በአንድ ቀን ያጣሉ ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ክፍሉን ላድንላቸው ብዬ ተመለስኩ።

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደገና ቆጠርኩት። ዘጠና ስምንት! ደግሜ ቆጠርኩት። ዘጠና ስምንት። ለጠፋው ሰው ውሸት ጨምሬ ሳመጣው ዝርዝሩ ከሰዎቹ በለጠ። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለቴ ተጽፏል ማለት ነው። በስም በስም ወረድኩ። አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ልብስ ሰፊ የነበሩት ወይዘሮ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ተጠሪ እኔ ልሁን እኔ ልሁን ብለው ተጣልተው ሁለቱም ተመዝግበዋል። ማሽኑ ለእያንዳንዷ ልጅ እናትየዋን አንድ አንድ ጊዜ አምጥቷቸዋል። ሰኞ ዕለት እኔና ዳይሬክተሯ ስንቆጥር አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፣ አንዲት ሴትዮ ተደርበው ነበር፣ ድምሩ ልክ መጣ።

የሐሰቱን የእህት ልጅ ሰረዝኩ። በዚህኛው ጊዜ «የማንን» የሚለውን ሐረግ መጀመሪያ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የተጫንኩት። ቀጥሎ ጥያቄውን ለወጥኩት። ሌፍት ጆይን የሚባል አለ፤ በግራ በኩል ያስቀመጥከውን ሰንጠረዥ ሁሉንም ያመጣል፣ በቀኝ በኩል ጥንድ የሌለውን ቦታውን ባዶ ትቶ ያመጣዋል። ነዋሪዎቹን በግራ አደረግኩ። የልብስ ሰፊዋን ሁለት ልጆች አንድ ረድፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሰበሰብኳቸው። አደስኩት። ዘጠና ስድስት።

ሊፍት ሠሪው የሉም።

ስምንት ተኩል ሆነ። ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር መረመርኩ። ማሽኑ አይሳደብም፣ ቀይ የለም፣ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ነው የምፈራው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ዓይኔ መጨረሻው ላይ የሰካኋት ቅድመ ሁኔታ ላይ አረፈ፤ «የተጠሪው ስልክ የተቋረጠ ያልሆነ»። ተጠሪ የሌለው ሰው ስልኩ ተቋርጧል ወይ? አልተቋረጠም። አልተቋረጠም ወይ? እሱም አይባልም። ባዶ ነው። ማሽኑ ባዶን ከምንም ጋር አያስተያይም፤ አዎም አይልም፣ አይደለምም አይልም፣ ዝም ብሎ ያስወጣዋል። እኔ በፊት በር ያስገባኋቸውን ሰውዬ ያቺ ሐረግ በጓሮ ታወጣቸው ነበር። ሐረጓን ከመጨረሻው ነቅዬ ሁለቱ ሰንጠረዦች የሚገናኙበት መስመር ላይ አኖርኳት፤ ዘመዶቹን ብቻ እንድታጣራ፣ ሰዎቹን እንዳትነካ። አደስኩት።

ዘጠና ሰባት። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። በሠላሳ አንድ አጠገብ ነጭ ባዶ ቦታ።

እትዬን ከነጋሪያቸው ጎትቼ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም፤ የሊፍቱን ቀን የምታስታውስበት ፊት ነው።

«እትዬ፣ ለአሥራ ሁለት ቁጥር ከማክሰኞ ጀምሮ ስንት ሳህን ነው የሚያደርሱት?» አልኩ።

«ሁለት ነዋ። ታብሌቱ ሁለቴ ይላል» አሉ እትዬ። «እኔማ ሐኪም አዞላቸው መስሎኝ! ‹አይበዛብዎትም ወይ› ብላቸው ‹ምን ታደርጊዋለሽ፣ ታዟል› ብለው ሁለቱንም ጥርግ።»

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የእህት ልጁስ?»

«የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን አንስታ ቅዳሜ የሚመጡት ወይዘሮ ሃያ ሁለት ቁጥር እንዲገቡ አዘዘች፤ መኪናውም ባዶውን ይመለስ አለች። «ለሰውዬው አንተው ትነግራቸዋለህ» አለችኝ። «አሁኑኑ።»

የፊት በር ስደርስ መኪናው ቆሟል። ሊፍት ሠሪው ተነሥተዋል፤ ባርኔጣቸውን አድርገው የሾፌሩን ፊት፣ አፍንጫውን፣ እያዩ ነው። ሾፌሩ በስልክ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ በዓይናቸው ሸኙት።

«አባባ» አልኳቸው። «የትም አይሄዱም፤ ክፍልዎ የእርስዎ ነው። የእህት ልጅ ግን የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገቡ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይ አንተ ቀዳጅ! እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተው ሁንልኛ!» አሉኝ።

እዚህ ላይ ልቁም። ይህን የመጨረሻውን ፈጥሬዋለሁ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ ይህ ብቻ ውሸት ነው። አልሳቁም፣ ትከሻዬንም አልነኩኝም። ስክሪኑን ቀና ብለው አዩት፤ ከስማቸው አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ክራቫታቸውን ፈትተው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ራት ይመጣል ወይ?» አሉኝ።

«ይመጣል አባባ።»

ሻንጣቸውን ላንሳልዎ ብል እንቢ አሉና ራሳቸው ይዘውት ሄዱ።